ሙዚቃ ሰፈር ወራጅ አለ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከጎፋ ማዞሪያ ታክሲ ስንሳፈር፣ ረዳቱ የልጅ ልጄ ያቀፈችውን ካርቶን አይቶ «እህቴ፣ ዕቃ ይከፈልበታል» አላት።

«ዕቃ አይደለም፣ ዘፈን ነው» አለችው።

ሳቀና ተወን።

ካርቶኑ የጫማ ነው። ውስጡ 34 ሸክላዎች አሉ፤ ሁሉም ትንንሾቹ፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን የሚይዙት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው። ባለቤታቸው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው፤ ልጆቼ አላዩትም፣ ግን እነሱም ጋሼ ይሉታል። በ1962 ዓ.ም. ቴሌ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለእናታችን ነጠላ፣ ለእኔ የካልሲ ኳስ የሚያስረሳ እውነተኛ ኳስ፣ ለራሱ ደግሞ አንድ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ገዛ። ያን ጊዜ 12 ዓመቴ ነበር። ሸክላውን በሁለት መዳፉ ጠርዙን ይዞ፣ እንደ ትኩስ እንጀራ እፍ እያለ፣ ከመሀል ያለው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙንና ቀኑን ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ማታ ወጥቶ አልተመለሰም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ስለዚህ አላብራራውም።

ካርቶኑ ከቤት ቤት ስንዞር አብሮን ዞረ። በመጨረሻ ጎፋ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከልጆቹ የድሮ ደብተሮች ሥር ተረስቶ ቆየ። ያስታወሰችው ይቺ የ14 ዓመት ልጅ ናት። የዘ ዊክንድ ወዳጅ ናት፤ ግድግዳዋ በሙሉ እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰውየውን ፀጉር አይቼ ፊቴን አጠቆርኩ። ኋላ ስሙ አቤል ተስፋዬ መሆኑን፣ ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ አያቱ እንዳሳደገችው፣ አማርኛ እየሰማ ማደጉን ስትነግረኝ ለዘብ አልኩ። አያት ያሳደገው ልጅ ነገር አንጀት ይበላል፤ እኛ አያቶች ደግሞ ምስጋና ሲሰጠን ቶሎ እንሸነፋለን።

አንድ ቀን በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። በመስታወት የተከደነ ትልቅ ፍሬም፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ሸክላ፣ ከሥሩ ስም የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ። «ይሄ እኮ ዘፈኑ ብዙ ሲሸጥ የሚሰጥ ነው። ‹ብላይንዲንግ ላይትስ› ዳይመንድ አግኝቷል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አባባ፣ ከጋሼ ሸክላዎች ወርቅ ያገኘው የቱ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጡረታ የወጣ ሰው መልስ ሲያጣ ጊዜ አለውና ይፈልጋል፤ ፈለግኩ።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ግሌን ሚለር የተባለው የባንድ መሪ፣ ስለ ባቡር የሚያወራው ዘፈኑ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ስለተሸጠለት፣ አሳታሚው በሬዲዮ ሥርጭት ላይ ወርቅ የተቀባ ሸክላ አበረከተለት። ያ የአንድ ድርጅት የማስታወቂያ ብልሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ሥራውን በደንብ ያዘው፤ ሽያጩን በኦዲተር እያስመረመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፔሪ ኮሞ ዘፈን ወርቅ ሰጠ። ፕላቲነም እ.ኤ.አ. በ1976፣ ዳይመንድ በ1999 ተጨመሩ። ዛሬ 500 ሺህ ወርቅ፣ 1 ሚሊዮን ፕላቲነም፣ 10 ሚሊዮን ዳይመንድ ነው። ሸክላ የሚገዛ ስለቀነሰ ደግሞ አንድ ዘፈን በኢንተርኔት 150 ጊዜ ሲደመጥ እንደ አንድ ሽያጭ ይቆጠራል። የልጅ ልጄ ብቻዋን ስንት ሽያጭ እንዳስመዘገበች ቤታችን ያውቀዋል።

እነዚህን ፍሬሞች እያደነ የሚሰበስብ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ በተለይ የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች። ፍሬሙ ለዘፋኙ ብቻ አይሰጥም፤ ለሬዲዮ ጣቢያው፣ ለስቱዲዮ ሠራተኛው፣ ለወኪሉም ይታደላል። ሰዎቹ ሲቸገሩ ወይም ሲሞቱ ገበያ ይወጣል። ሐሰተኛውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ እንደ ወርቅ አንጣሪ ናቸው፦ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ከኋላው ነጭ የሊኖ ጨርቅ ያለው እንደሆነ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለው ደግሞ ሲያዘነብሉት ቀለሙ የሚለዋወጥ ማኅተም እንዳለው ያያሉ። በጣም ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ወርቃማ ሸክላ ብዙ ጊዜ የዚያ ዘፋኝ አይደለም። በፋብሪካው እጅ ላይ የተገኘውን ማንኛውንም ሸክላ ወርቅ ነክረው፣ የትክክለኛውን ዘፈን ወረቀት ለጥፈው ይሰቅሉታል። ወረቀቱ 5 ዘፈን ይላል፤ ሸክላው ላይ ያለውን መስመር ብትቆጥሩ 6 ይሆናል።

ደግሞም ወርቁ በራሱ አይመጣም፤ አሳታሚው አመልክቶና ከፍሎ ማስቆጠር አለበት። ኤልቪስ ፕሪስሊ ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ማኅበሩ ለቤተሰቡ 110 የወርቅና የፕላቲነም ሽልማቶችን በአንድ ጊዜ ሰጠ፤ ምክንያቱም በሕይወት ሳለ ብዙው ሽያጩ ለቆጠራ አልቀረበም ነበር። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ትንሽ አሰብ አድርጋ «እና እኛም ማመልከት እንችላለን?» አለች።

ለማን? እዚህ አገር የሚቆጥር ማኅበር አልነበረም። ሽያጩን የሚያውቀው ሱቁ ነው፤ ሱቁም የሚያውቀው ባዶ መደርደሪያውን ነው።

ታክሲው ከጎፋ ወደ ሳር ቤት ሲወስደን በዚያ አዲስ በተሠራው፣ ከፑሽኪን አደባባይ እስከ ጎተራ በሚዘልቀው መንገድ ነው። ድሮ ይህን ለመሄድ ቁርስም ምሳም ቋጥሮ ነበር። ክፍለ ከተማችንን የማያውቅ ሰው «ንፋስ ስልክ» የሚለውን ስም ሰምቶ ብርድ ይመስለዋል። ስሙ የመጣው ያለ ሽቦ ከሚሠራው ስልክ ነው፤ ድምፅ በነፋስ ላይ ሄዶ ሌላ ቦታ መሰማቱ ሰውን ያስገረመበት ዘመን ስም ነው። ጋሼ ቴሌ ይሠራ ስለነበር ይህን ስም ይወደው ነበር። ኮረኮንቹን ሳይቀር።

ሳር ቤት የወረድነው አንድ ወጣት ልናገኝ ነው። ብስራተ ገብርኤልን በሩቁ ተሳልሜ ወደ ካፌው ገባን። ወጣቱ ሸክላ ገዢ ነው፤ ወይም እሱ እንደሚለው «ሰብሳቢ»። በዘመድ በዘመድ ነው ያገኘነው። እውነቱን ልናገር፦ እኔ የሄድኩት ለመሸጥ ነበር። ልጄ፣ የዚች ልጅ እናት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሎባታል። በአፏ አልጠየቀችኝም። ግን ማታ ማታ ስልኳን ይዛ ስትደምርና ስትቀንስ አያታለሁ። ጡረታዬ የመድኃኒትና የመብራት ነው። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ካርቶን ደግሞ ሰዎች ከውጭ አገር ድረስ የሚፈልጉት ነገር መሆኑን ሰምቻለሁ።

ወጣቱ ትሑት ነው። «ጋሼ» እያለ ቆሞ ተቀበለኝ፤ በዚያ ስም ስጠራ ደነገጥኩ። የእጅ ጓንት አደረገ። ካርቶኑን ከፍቶ ዝም አለ። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣ የስልኩን መብራት በጎን እያበራ ጭረቱን ያያል፤ ያሸታል፤ ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ነው የሚያምነው። ሦስት ክምር አደረጋቸው። እኔ የወንድሜን ልብስ ሰው ሲለካ የማይ መሰለኝ።

እየለየ ያወራን ነበር፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ለልጅቷ የአምሃ እሸቴን ታሪክ ነገራት። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም በንጉሡ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ዘመናዊውን ዘፈን ማሳተም ትቶ ቁጭ ብሏል። አምሃ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። በ1961 ዓ.ም. ትእዛዙን እያወቀ ደፈረ፤ አለማየሁ እሸቴን አስቀድቶ፣ ቅጂውን ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። ያቺ የአምሃ ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላ ናት። ሊከሱት ይችሉ ነበር፤ ሰዉ ግን እየተጋፋ ገዛ። ቀጥሎ ፊሊፕስ መጣ፤ ካይፋም ተከተለ። አምሃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አውጥቶ፣ አብዮቱ ሲከር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ኋላ አገሩ ገብቶ ኖረ። እሱም አለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በወራት ልዩነት አረፉ።

«ወርቅ አልሰጧቸውም?» አለች ልጅቷ።

«ማን ይስጣቸው?» አለ ወጣቱ። የእኔን መልስ ሰረቀኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። በጋሼ ጊዜ ሸክላ ማጫወቻ ነበረን፤ ክዳኑ ድምፅ ማውጫ የሆነ፣ እንደ ሻንጣ የሚያዝ። ካሴት ሲመጣ ሸክላ ሞተ፤ በ1970 ገደማ ሸክላ ማሳተም ቆመ። ማጫወቻው ቤት አጣበበ። በ1980ዎቹ አንድ ቀን ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ በሁለት የፕላስቲክ ጆግ ለወጥኩት። እናቴ ከቤት ወጥታ ነበር። ስትመለስ ምንም አላለችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዚያ ጆግ ውሃ ቀድታ አታውቅም። እኔ ብቻ አይደለሁም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ የእኛን የድሮ ዘፈኖች በተከታታይ ሲያሳትም ዓለም «ይህን የመሰለ ነገር የት ነበር?» አለ። የት ነበር? ከፊሉ በቆራሌ ጆንያ ውስጥ ነበር። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» እንኳ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ታትሞ አውሮፓ ሲደነቅ፣ እኛ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ነበር።

ወጣቱ ጨረሰ። ከ34ቱ 11ዱን ለብቻ አድርጎ ገፋቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ላይ ስም ተጽፏል። መሀሉ ላይ ሲጻፍበት ዋጋው በግማሽ ይወድቃል። ገዢዎቹ ንጹሑን ነው የሚፈልጉት።» ከላይ ያለውን አነሳው። የመጀመሪያው ደመወዝ ሸክላ ነው። የጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ «ጥቅምት 1962»፣ ሰማያዊው ቀለም ወደ ሐምራዊ ሄዷል። «ይቺ ባይጻፍባት ኖሮ ብቻዋን የሌሎቹን አሥር ታወጣ ነበር። ግን ችግር የለም፤ ቀለም የሚያነሳ ነገር አለኝ። በጥጥ ነካ ነካ ካደረግኩት ይለቃል። ልሞክር?»

ከቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ አወጣ።

የማልዋሽ ከሆነ አንድ አፍታ አሰብኩ። የልጄ ድምር ትዝ አለኝ። ስሙ ቢለቅ ምን ይሆናል? ሰውየውን አይመልሰው፣ አያርቀው። አፌን ከፍቼ ምን ልል እንደነበር አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ልጅቷ ግን ቀደመችኝ፤ መዳፏን ሸክላው ላይ ዘርግታ ሸፈነችው። በጓንት አይደለም፣ በባዶ እጇ። ወጣቱ ላብና ቅባት ሸክላ እንደሚጎዳ ሊነግራት ጀመረ፤ ፊቷን አይቶ ተወ። ጠርሙሱን መለሰ።

«ይቅርታ አባት» አለኝ።

በአሜሪካኖቹ የፍሬም ገበያ፣ ከሥሩ ባለው ሰሌዳ ላይ «ለእገሌ የተበረከተ» የሚል ስም ካለ ዋጋው ይወጣል፤ እገሌ ታዋቂ ከሆነማ ሰማይ ይነካል። እዚህ ስም ዋጋ ይጥላል። ይህን ለወጣቱ ነገርኩት፤ «ስሙ የታዋቂ ሰው ቢሆን እኛም ጋ ይወጣ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አልተቀየምኩትም።

ስም ከሌለባቸው 23 ሸክላዎች ሁለቱን አስቀረሁ። የብዙነሽ በቀለ ናቸው፤ ባለቤቴ ከቤት ስንወጣ «የብዙነሽን ሸጠህ እንዳትመጣ፣ ደጅ ታድራለህ» ብላኛለች። 21ዱን ሸጥኩ። 45 ሺህ ብር። ረከሰ ወይስ ተወደደ የሚል ይኖራል። እኔ እዚያው ካፌው ውስጥ ለልጄ በስልክ ላኩላትና «ከጋሼ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ቶሎ አልመለሰችም። ትንሽ ቆይታ ደወለች፤ ድምፅ ግን አልነበረም፤ ስታነፈንፍ ብቻ ሰማሁ።

ወጣቱ ሲሰናበተን አንዳንድ ምክር ሰጠን፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋልና ላካፍል። ሸክላ አታነባብሩ፤ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ ካልሆነ ይጣመማል። ፀሐይ ከምታገባው መስኮትና ከምድጃ አርቁት። በሶፍትና በቀሚስ ጫፍ አትወልውሉት፤ አቧራው ራሱ ይቧጭረዋል። በጣም የቆዩት፣ ከባዶቹና ሲወድቁ እንደ ገል የሚሰበሩት፣ አልኮል ከነካቸው ይሟሟሉ፤ ስለዚህ በአረቄ ማጽዳት የሚባለውን የሰፈር ምክር አትስሙ። ሸክላ ያልናቸውም ከእነዚያ የተነሳ ይመስለኛል፤ እንደ ጀበና ይሰበሩ ነበርና። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ያስቀዱት በእንዲህ ዓይነቱ ሸክላ ነው። የመኪና ነገር ሊማሩ ሄደው ዘፈን ይዘው መጡ። የእኛ ሰው መቼም ተልኮ የተላከበትን ብቻ ይዞ አይመለስም።

ከሳር ቤት ሌላ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ «ጀርመን፣ መካኒሳ፣ ለቡ ሙዚቃ! ሙዚቃ አለ!» እያለ ይጮኻል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ክንዴን ጎሸመችኝ። አዎ፣ ለቡ ውስጥ ሙዚቃ ሰፈር የሚባል አለ፤ የምንሄደውም እዚያ ነው። ፍሬም ሠሪ አለ ተብለን።

ጀርመን አደባባይን ዞረን ወደ መካኒሳ ስናቀና ስለ አንድ ሌላ ወርቅ አጫወትኳት። በ1977 ዓ.ም. አገራችን ስትራብ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የሚለውን ዘፈኑ። ገንዘቡ ለረሃብተኛው ነበር። ዘፈኑ አራት እጥፍ ፕላቲነም ሆነ፤ በአሜሪካ ከአንድ በላይ ፕላቲነም የተቆጠረለት የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን እሱ ነው። የተሰጡት ፍሬሞች ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሸጣሉ። በዚያ ዓመት እኔ 27 ዓመቴ ነበር። ዘፈኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እህል አምጥተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን በዓለም ላይ የእኛ ስም በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው በዚያ ሆነ። ከዚያ በፊት በ6 ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ ያወጣ ወጣት የነበረበት አገር መሆናችንን የሚሰቅል አልተገኘም።

«አሁን እኮ አቤል አለ» አለችኝ።

እሱም አለ። ልክ ናት።

መካኒሳን አልፈን ወደ ለቡ ስንጠጋ ከተማው አዲስ ይሆናል። በእኛ ወጣትነት ይህ ሁሉ እርሻ ነበር፤ ጤፍ ሲታጨድ ለማየት ከከተማ የሚመጣ ሰው ነበር። አሁን ፎቅ፣ ፋርማሲ፣ ጂም፣ እንደገና ፎቅ። በ2009 ዓ.ም. የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው እዚሁ ለቡ ላይ ነበር። «ሙዚቃ ሰፈር ወራጅ አለ!» ያለችው ልጅቷ ናት፤ እስኪደርስ ተቸግራ የያዘችው ይመስላል፤ ታክሲው ሙሉ ሰው ዞሮ አያት።

በስሙ ተስበን ዘፈን ከየበሩ የሚወጣበት መንደር ጠብቀን ነበር። የሰማነው የብረት በር ቤት መጋዝና የአንዲት እናት ልጅ ጥሪ ነው። ልጅቷ ትንሽ ቅር አላት። እኔ ግን አዲስ አበባን አውቃታለሁ፤ ሳር ቤትም ሳር የለም።

ፍሬም ሠሪው ቤት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰቅሎበታል፦ ቆብ ያደረጉ ተመራቂዎች፣ ሙሽሮች፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ የመካ ፎቶ፣ ሦስት ጊዜ የተመረቀ አንድ ሰው። የእኛ አገር ወርቅ ሸክላ ይሄው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኛ የምንሰቅለው የልጆቻችንን ነው። ሠሪው የጋሼን ሸክላ ተቀብሎ ገለበጠው። ሸክላ በእጁ ይዞ እንደማያውቅ ነገረን። ልጅቷ የፍሬሙን ፎቶ በስልኳ አሳየችው። «ይሄንን? ቀላል ነው» አለ። «ሸክላውን ወርቅ ልቀባው?»

ሁለታችንም አንድ ላይ «አይ!» አልን።

ከኋላው ነጭ ጨርቅ መረጥን። ጠርዙ ጥቁር እንጨት። ከዚያ ሠሪው አንድ ቁም ነገር ጠየቀን፦ «ሙጫ ላድርግበት ወይስ እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ?» ይህን አላሰብነውም ነበር። በአሜሪካኖቹ ፍሬም ውስጥ ያለው ሸክላ አይዘፍንም፤ ለማየት ብቻ ነው። የጋሼ ግን ይዘፍናል፤ ቢያንስ መዝፈን ይችላል። ሠሪው ከኋላ በኩል በማጠፊያ የሚከፈት ትንሽ በር አበጀለት፤ ጠርዙን የሚደግፉ አራት ለስላሳ ጥርሶችም ገጠመለት፤ መስመሩን ምንም አይነካውም። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስታገኙ ዋጋ አትከራከሩ። እኔ ግን ተከራክሬያለሁ። 1,800 ብር ጨረስን።

«ከሥሩ የሚለጠፈው ሰሌዳ ላይ ምን ልጻፍ?» አለ።

ልጅቷ ፎቶውን አየች። እዚያ ላይ ያለው «ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ለተሸጠ» የሚል ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺ ስንት ተሸጠች እንበል አባባ?»

«እኔ የማውቀው አንዷን ነው» አልኳት።

የጋሼን ሙሉ ስም፣ «ጥቅምት 1962»፣ ከሥሩም «1 ቅጂ» ብሎ ቀረጸበት። ሠሪው የተሳሳትን መስሎት ሁለት ጊዜ ጠይቆናል።

ማታ ቤት ስንደርስ ልጄ ከሥራ ገብታ ነበር። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የእኔና የእናቷ የሠርግ ፎቶ ነበር፤ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ሚስማር መታች። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ቀርባ አየችው። ጋሼን ታውቀዋለች፤ ለእኔ እሷን የለመነልኝ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደብዳቤ ያደረሰልኝ እሱ ነው። ስሙን በጣቷ በመስታወቱ ላይ ተከተለችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «አሁን ዘፈኑን በምን ልንሰማ ነው? አንተ ማጫወቻውን በጆግ ለውጠህ።»

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው ይህ የመጣው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር መርካቶ እንሄዳለን። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ ብለውናል፤ ያገለገለ ማጫወቻም አንዳንድ ጊዜ ይገባለታል አሉ። ልጅቷ ከአሁኑ ብር መቆጠብ ጀምራለች። እኔ ደግሞ እነዚያን ሁለት ጆጎች ፈልጌ አንዱን አግኝቼዋለሁ። እጀታው ተሰብሯል። ሻጩ ቅያሪ ይቀበል እንደሆነ ልጠይቀው አስቤያለሁ።